ይለፍ ያጡት ንጉሥ

ስሙኝማ! ንጉሥ ደጅ ሲጠና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደጅ ሲያስጠናማ ማን ያልሰማ! ባላገሩ አቤቱታውን ይዞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ክረምት ከበጋ ግቢው በር ላይ ሲቆም ስንት ተወርቷል። ዛሬ የማወራችሁ የተገላቢጦሹን ነው። ንጉሡ ራሳቸው ወደ ገዛ አገራቸው ለመግባት በጎረቤት አገር ማለፍ አስፈልጓቸው፣ ፈቃድ እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲገፉ። መንገዱም ዞሮ ዞሮ የወጣው እኛው አገር ነው፤ አዊ ምድር፣ ሰባት ቤት አገው፣ እንጅባራ ላይ።

ነገሩ ግን የሚነሣው ከሩቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ፍል ውኃ ያላት ከተማ አለች። እዚያ ፌርፊልድ በሚባል ቤት አንድ ስደተኛ ወደ አራት ዓመት ገደማ ተቀምጠዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ካባቸው ረጅም፣ ብርዱ የማይስማማቸው። እኒህ ሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከጅቡቲ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተቀብሎ ወደ ሃይፋ አደረሳቸው፤ ኢየሩሳሌም ተሳልመው እንደገና በጦር መርከብ እስከ ጂብራልታር ተጓዙ። ጂብራልታር ሲደርሱ ግን «ከዚህ ወዲያ በተራ የመንገደኛ መርከብ ይሂዱ» ተባሉ። ለምን ብትሉ፣ እንግሊዝ ንጉሡን በጦር መርከቧ ጭና በክብር አገሯ አስገባች እንዳትባል ነው። ሞሶሎኒን ማስቀየም አልፈለገችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የጀመረው፤ ሰውየው ይለፉ፣ ግን ሲያልፉ አይታዩ።

ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው የወረቀት ነገር ነው። ኅዳር 1931 ላይ እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ በሕግ አወቀች። ጃንሆይ በዚያው ጊዜ ከአንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ጋር በሎንዶን ፍርድ ቤት ሙግት ላይ ነበሩ። ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የነበረበት ገንዘብ አለ፤ እሱን ነው የጠየቁት። የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው። ይግባኙ እስኪሰማ ድረስ ግን ያ የእውቅና ቃል ወጣ። ይግባኝ ሰሚው «እንግዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት ማለት የጣሊያን ንጉሥ ነው፤ ገንዘቡም የእሱ ነው» ብሎ ገለበጠው።

አያችሁ ጉዱን? ፓስፖርት ማለት አንድ መንግሥት «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ አሳልፉልኝ» ብሎ ለሌላው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ጃንሆይን የሚያውቃቸው መንግሥት የትኛው ነው? የራሳቸው መንግሥት በእንግሊዝ ሕግ ፊት የለም። ያስጠጋቸው መንግሥት እንደ ነዋሪ ያውቃቸዋል እንጂ እንደ ንጉሥ አያውቃቸውም። በዚያን ዘመን እንደሳቸው የተንጠለጠለ ስደተኛ አውሮፓ ሞልቶ ነበር፤ የጀርመን አይሁድ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የበተነው ሁሉ፣ ኤምባሲ ለኤምባሲ የሚንከራተት። የእሳቸው ልዩነት ስማቸው ብቻ ነው።

ከዚያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ሞሶሎኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ትናንት የተረሱት ሰው በአንድ ሌሊት የሚፈለጉ ሆኑ። ከሁለት ሳምንት በላይ አልፈጀም፤ ሰኔ 17 ቀን፣ በውኃ ላይ በሚያርፍ የጦር አውሮፕላን፣ በምሥጢር፣ በእንግሊዝኛ የተበጀ የሐሰት ስም ተሰጥቷቸው ከእንግሊዝ ተነሡ። ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም፣ ቪዛ የለም። ጥቅም ሲኖር ወረቀቱ ከኋላ ይደርሳል፤ ጥቅም ሳይኖር ግን አሥር ማኅተም ቢኖራችሁ በሩ አይከፈትም። ይህን የምለው ከጃንሆይ ታሪክ ተነሥቼ ነው፤ ከመካከላችሁ ኤምባሲ ደጅ ላይ ወረፋ የያዘ ካለ ግን እኔ ምን ልጨምርበት።

በማልታ አድርገው እስክንድርያ አረፉ። ግብፅ ገቡ ማለት ነው። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ግብፅ በስሟ ነጻ አገር ናት፤ ከጣሊያን ጋር ያላትን ግንኙነት አቋርጣለች እንጂ ጦርነት አላወጀችም። በጀርመንና በጃፓን ላይ እንኳ ጦርነት ያወጀችው ብዙ ቆይታ፣ የዓለም ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ነው። እናም የጣሊያን ባላንጣ የሆነ ንጉሥ ካይሮ ላይ በይፋ ቢታይ ለግብፅም ለእንግሊዝም አሳፋሪ ነው። ስለዚህ ሊቀበላቸው የተላከው ቻፕማን አንድሩስ፣ ቀድሞ ሐረር ላይ ቆንስል የነበረው ሰው፣ ሳይቆዩ ወደ ደቡብ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ዋዲ ሃልፋ እንዲሻገሩ አደረገ። ይኸው ነው የዛሬው ትራንዚት የሚባለው፤ ማረፍ የለም፣ ከተማ ማየት የለም፣ በዚህ ገብተህ በዚያ ውጣ።

ዋዲ ሃልፋ ደርሰው ደግሞ ቆሙ። ካርቱም አልተዘጋጀችም። የሱዳን ገዢ ሰር ስቱዋርት ሳይምስ የንጉሡን መምጣት አልወደዱትም፤ ጣሊያን በድንበሩ ላይ ብዙ ጦር አሰልፏል፣ እሳቸው ደግሞ የሚመክቱበት ጥቂት ነው። ንጉሡን ማስጠጋት ጣሊያንን ልመታህ ነው ብሎ መጥራት መስሎ ታያቸው። ሱዳን በወረቀት የግብፅና የእንግሊዝ የጋራ ግዛት ናት፤ በተግባር ግን የበሩ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በሩን መክፈት አልፈለገም። በረሃው ውስጥ፣ በሰኔ ሙቀት፣ ጃንሆይ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ሰኔ 26 ካርቱም እንዲገቡ ተፈቀደ። ሳይምስ የፈሩት ነገር አልቀረም፤ በማግስቱ ጣሊያን የሱዳንን የድንበር ከተሞች ከሰላንና ገላባትን ያዘ።

እስቲ ከዚህ ላይ አንድ ጊዜ ወጣ ልበል። ይህች የግብፅና የሱዳን ድርብ በር በእኛም ዘመን አልተለወጠችም። ከቅርቡ የሱዳን ጦርነት በፊት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመኪናም በሞተር ብስክሌትም ወደ ካይሮ የሚወጣ ፈረንጅ ብዙ ነበር። የሱዳንን የትራንዚት ቪዛ ሲጠይቅ «መጀመሪያ የግብፁን አሳየን» ይባል ነበር። የምታልፍበት ሰው፣ ከእኔ ወጥተህ የምትገባበት እንዳለህ አረጋግጥልኝ ይልሃል፤ በእሱ አገር እንዳትቀር። ካገኘም ሁለት ሳምንት ነበር የሚሰጠው፤ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ሄዶ መመዝገብ ነበረበት። ሌላም ሥርዓት አለ። ብዙ ኤምባሲ ቪዛ የሚሰጠው በተቀመጠበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። ናይሮቢ ላይ የእኛን ቪዛ የሚጠይቅ ፈረንጅ ለብዙ ጊዜ «የኬንያ መኖሪያ ፈቃድ አለህ?» ይባል ነበር፤ ካለው ያልፋል፣ ከሌለው «አገርህ ተመልሰህ ጠይቅ» ነው መልሱ። ከአገሩ ወጥቶ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ለመጣ ሰው! ለዚህ ነው መንገደኛው ከፓስፖርቱ ይልቅ መኖሪያ ፈቃዱን በልቡ የሚይዘው።

አሁን ወደ እኛው አዊ፣ ወደ ዳንግላ ከተማ እንሂድ፤ የታሪኩ ሌላው ቁልፍ ዳንግላ ነው ያለው።

ዛሬ ዳንግላን በአውቶቡስ መስኮት የሚያይ ሰው፣ እዚህች ከተማ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ ቢሉት አያምንም። ነበረ። ከ1918 ገደማ እስከ 1926 ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚባል ሰው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦበታል። ዳንግላ ደጋ ናት፤ ወባ አያስቸግርም፣ ወደ ሱዳን የሚወርደውም የቅፍለት መንገድ ከአጠገቧ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ዐይኗ ጣና ላይ ነበር፤ ሱዳን ውስጥ የገዚራን የጥጥ እርሻ ዘርግታ ለእሱ የሚሆን ውኃ ትፈልጋለች። ቺዝማን ወፍ ሰብሳቢ፣ ካርታ ሠሪ ነው። የጣናን ዳርና ደሴቶች እየዞረ አያቸው፤ የአባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተከትሎ ነደፈው። ስለዚህ ሥራው የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ጃንሆይ በተሰደዱበት ዓመት ነው።

በቺዝማን ዘመን ከሱዳን ወደ ጎጃም የሚወጣ እንግዳ ምን ያስፈልገው ነበር? ከአዲስ አበባ የመጣ ፈቃድ ቢኖረው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎጃም የራስ ኃይሉ ነበረች። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ከሹመታቸው እስኪሻሩ ድረስ የእሳቸውን ፈቃድ ያልያዘ ሰው ሩቅ አይሄድም። ኬላው ብዙ ነው። በየወንዙ ማዶ ሌላ ሹም፣ በየሹሙ በር ሌላ ኬላ፣ በየኬላው ሌላ ቀረጥ። ነጋዴው ከበቅሎው ጭነት ሳያስቀር አያልፍም፤ እንግዳውም ከነጓዙ ቆሞ መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ዛሬ አንድ ማኅተም ያለው ነገር ያን ጊዜ በየቀኑ መንገድ ላይ ይለመን ነበር።

ይኸው ቺዝማን ነው እንግዲህ በ1932 ካርቱም ላይ ተመልሶ የተገኘው። ከዳንግላ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጣሊያንም ዳንግላ ላይ ምሽግ ሠርቷል። ካርቱም ያለው የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያን ጉዳይ ለእሱ ሰጠው። ለምን አይስጠው? የትኛው አለቃ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ ያውቃል። ጣሊያን ጦርነት ባወጀ ሰሞን በሱዳን ያለው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፕላት ለአሥራ አንድ የኢትዮጵያ አርበኞች አለቆች ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ባጭሩ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ተዋግተዋል፤ ጠመንጃም ጥይትም ገንዘብም የምትፈልጉ ከሆነ ሰውና ከብት ላኩ የሚል ነው። ለዓመታት በጫካ የኖረው አርበኛ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አስቡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ድንበር ተሻግሮ ጥይት ሊገዛ የመጣውን ሰው ሲያባርር የኖረ መንግሥት ነው ዛሬ ኑ የሚለው።

ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው መግባት አለበት። የገባው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ነው። ሳንድፎርድ ለእኛ አዲስ ሰው አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ሙሉ በሚባል ስፍራ ከሚስቱ ከክሪስቲን ጋር ሲያርስ የኖረ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ጣሊያን ሲገባ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቶ፣ መላጣ፣ መነጽር ያደረገ። በነሐሴ 6 ቀን 1932፣ ክረምቱ እየዘነበ፣ ከገላባት በስተደቡብ ባለው ቆላ ድንበሩን በሌሊት ተሻገረ። አብሮትም የጃንሆይ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» በሚለው መጽሐፋቸው የምናውቃቸው። በዚያው መንገድ ተከትሎ የገባ አርኖልድ ዊንሆልት የተባለ አውስትራሊያዊ ነበር፤ በአገሩ የምክር ቤት አባል የነበረ፣ ዕድሜው የገፋ። የጣሊያን ወታደር አድፍጦ ገደለው። ያለ ይለፍ መግባት እንዲህ ነው፤ ቢቀናህ ታሪክ ነህ፣ ባይቀናህ ሬሳህንም የሚቀብርልህ አታገኝም።

ገላባትን ካነሣሁ አይቀር፣ በዚያው በር፣ ከድንበሩ ወዲህ ፊት ለፊቷ ባለችው በመተማ፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ስለመጣው ጉድ ካልነገርኳችሁ አልፍም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦሩና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተታኮሱ። ካርቱም ማለት የራሷ ልጆች ብቻ የሚኖሩባት ከተማ አይደለችም፤ ሶርያዊው ዳቦ ይጋግራል፣ ቱርኩ ፋብሪካ ያሠራል፣ ሕንዱ ይነግዳል፣ ኤርትራዊው ሦስተኛ አገር ይጠብቃል፣ የእኛ ልጆች ቤት ይሠራሉ። ተኩሱ ሲበዛ ሁሉም መንገድ ወጣ። ከፊሉ ወደ ግብፅ፣ ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ መተማ። መተማ ላይ የተሰለፈው ሰው ከስልሳ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጣ ነው። አብዛኛው በሱዳን የመኖሪያ ፈቃድ የነበረው ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ግን ራሱ ቤቱ ይቃጠላል። ወደ አገሩ ለመሄድ በእኛ አገር ማለፍ ግዴታው ነው፤ ለማለፍ ደግሞ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በኢንተርኔት የምንሰጠው ቪዛ ያን ጊዜ የተዘጋጀው በቦሌ በአውሮፕላን ለሚገባ መንገደኛ ነበር። በእግሩ ለሚመጣ ማን አስቦ!

ከዚያ ሁሉ የባሰባቸው ሱዳናውያን ነበሩ። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ቪዛ ለመጠየቅ ፓስፖርታቸውን ለአውሮፓና ለአሜሪካ ኤምባሲዎች የሰጡ ነበሩ። ዲፕሎማቶቹ ሲወጡ ፓስፖርቱ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። የአሜሪካ ኤምባሲማ ከመውጣቱ በፊት የያዛቸውን ፓስፖርቶች እንዳጠፋ ተናግሯል፤ በሰው እጅ እንዳይወድቁ ነው ምክንያቱ። በአገሩ ጦርነት፣ በኪሱ ምንም፣ በድንበሩ «ፓስፖርትህን» የሚል ዘበኛ። ከመተማ ያለፈው ሰው ከፊሉ ከጎንደር በአውሮፕላን ወጣ፤ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ደግሞ አንደኛው መንገድ በባሕር ዳር አድርጎ በዳንግላና በእንጅባራ ነው። ሐምሌ 28 ቀን እኛው አገር አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የጎንደር በረራም ተቋረጠ። ከእሳት የሸሸ ሰው እሳት ደጅ ላይ ቆመ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም፤ ገና ያልበረደ ነገር ነው።

ወደ ሳንድፎርድ ልመለስ። ድንበሩን መሻገሩ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ ከዚያ በኋላ መጣ። በምዕራብ ጎጃም ሁለት ትልልቅ የአርበኞች አለቆች ነበሩ፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ። ሁለቱም ጣሊያንን ይዋጋሉ፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ አይተማመኑም። የአንዱን አገር አቋርጦ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ተጠርጣሪ ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝ ማኅተም ምንም አያደርግም። የሠራው አዛዥ ከበደ የጃንሆይን ቃል ይዘው መምጣታቸውና ሽማግሌ መቀመጡ ነው። በመስከረም 1933 ሁለቱ ደጃዝማቾች እንዳይነካኩ፣ አንዱ የሌላውን ግዛት እንዲያከብር ተማማሉ። እኔ ብጠየቅ የዚያ ዘመቻ እውነተኛው የይለፍ ወረቀት ይህ መሐላ ነው፤ ከለንደን ከመጣው ሁሉ ይልቅ።

ሳንድፎርድ ሰፈሩን ፋግታ ላይ አደረገ፤ ዛሬ ፋግታ ለኮማ በሚባለው፣ በእኛው አዊ ዞን ውስጥ ባለው አገር። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ጭጋጉ ድንኳን የሚያስጠፋ ደጋ ነው። ኅዳር 11 ቀን ደግሞ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መጥታ በእጅ በተደለደለ ሜዳ ላይ አረፈች። የወረደው ኦርድ ዊንጌት ነው፤ ጺሙ ያደገ፣ ልብሱ የቆሸሸ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅስ ኮስታራ መኮንን። ከሳንድፎርድ ጋር ሁለት ቀን መክሮ ከዚያው ተነሥቶ ተመለሰ። ደጃች መንገሻ ፈቅደውለታል፤ ኢሚግሬሽኑ እሳቸው ነበሩ።

ካርቱምስ? ካርቱም ላይ ጃንሆይ ገና ይጠብቃሉ። ክረምቱ አለፈ፤ መስቀልም አለፈ። በጥቅምት የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ካርቱም መጡ፤ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭልና የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ስመትስም ነበሩ። ጃንሆይ የልባቸውን የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። መሣሪያው የታለ? የተባለው ጦር የታለ? እዚህ ያመጣችሁኝ ለእስር ነው ወይ? ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ፤ በሩን የያዙት ሳይምስም በዚያው ወር በሰር ሁበርት ሃድልስተን ተተኩ። ዊንጌት ለዘመቻው የተመረጠው ያኔ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ደረሰ። የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ቀን! አገር ቤት ታቦተ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ ጃንሆይ ኡም ኢድላ በምትባል የድንበር ስፍራ ላይ ቆሙ። አልጋ ወራሹ አሉ፣ የሐረሩ መስፍን አሉ፣ ራስ ካሣ አሉ፣ እጨጌው አሉ፣ ሎሬንዞ ታዕዛዝ አለ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ሰንደቅ ዓላማ ወጣ። ፓስፖርት የሚጠይቅ ዘበኛ አልነበረም፤ ያ ቦታ በረሃ ነው። በአራት ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅዱ የረገጡት መሬት ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ በላያ ተራራ የተሄደበትን መንገድ ብነግራችሁ አመሻለሁ። መኪናው በጥቁር አፈርና በቋጥኝ ላይ ተሰበረ። ከሱዳን ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ግመል ተሰብስቦ ነበር፤ ግመል የአሸዋ ከብት ነው፣ ደጋና ዳገት አይችልም፣ እየወደቀ አለቀ። ተከታዩ ጦር መንገዱን የሚያውቀው በግመል ሬሳ ሽታ ነበር ይባላል። ጃንሆይ ጥር 29 በላያ ደረሱ። ዊንጌት ጦሩን ከበላያ በመተከል በኩል ወደ ደጋው አወጣ። ጠቅላላው ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ፤ የሱዳን ወታደርና የኢትዮጵያ ሻለቃ። የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰይሞታል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ሦስት መቶ ሰው ይዞ እልፉን ያሸበረውን ጌዴዎንን አስቦ ነው።

በጎጃም ያለው የጣሊያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ኮሎኔል ቶሬሊ ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር አፈገፈገ፤ የእንጅባራውም ምሽግ ተለቅቆ ወደ ቡሬ ሸሸ። የካቲት ላይ የሆነ ነገር ነው። እናቶቻችን ጣሊያን ሌሊቱን ዕቃውን እያቃጠለ ሲወጣ ያዩት ያን ጊዜ ነው። የቺዝማን ዳንግላ ተመልሳ የኢትዮጵያ ሆነች። እንጅባራ ላይ ቆላውና ደጋው ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጣሊያን የሠራው የመኪና መንገድ አለ፤ ያን የያዘ የጎጃምን ጉሮሮ ይዟል። የካቲት 25 ቡሬም ተለቀቀ። መጋቢት 28 ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

አሁን ታሪኩ አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም! በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 28፣ የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባን ያዘ። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ፣ ዋና ከተማቸው ነጻ፣ መካከላቸው አባይ ብቻ። እንሂድ ሲሉ «ይቆዩ» ተባሉ። ከኒንግሃም በአዲስ አበባ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች አሉ፤ ንጉሡ ከአርበኞች ጋር ሲገቡ ሕዝቡ ይበቀላቸዋል ብሎ ፈራ። በገዛ አገራቸው ውስጥ፣ ከአንድ የራሳቸው ከተማ ወደ ሌላው የራሳቸው ከተማ ለመሄድ ፈቃድ ጠበቁ። ሦስት ሳምንት። ዋዲ ሃልፋ እንኳ የሰው አገር ነበር! በመጨረሻ ዊንጌትም ተቆጣ፣ ጃንሆይም መረራቸው፤ ሚያዝያ 19 ተነሡ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት በዚያው ቀን፣ በአምስተኛው ዓመት።

ቀጥሎ ከእንግሊዝ ጋር ለመለያየት ደግሞ ስምምነት አስፈለገ። ጥር 23 ቀን 1934 ተፈረመ። ጥር 23 ለእኛ ምን እንደሆነ እንጅባራ ለኖረ አይነገርም፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ፈረሳቸውን አሸልመው የሚወጡበት ቀን ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932፣ ሳንድፎርድ ድንበሩን በተሻገረበት ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በዚያ ስምምነት ኢትዮጵያ ነጻ አገር ተባለች፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ሚኒስትር በአዲስ አበባ ከሌላው አምባሳደር ሁሉ ቀድሞ እንዲሰለፍ ተደረገ። ቺዝማንም የለጋሲዮኑ አማካሪ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥታችን የኢሚግሬሽን አዋጅ አወጣ፤ የውጭ አገር ሰው ሲገባ ቪዛ፣ ሲቀመጥ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲይዝ ታዘዘ። ቪዛ ያለመያዝን መከራ የቀመሰ ንጉሥ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ቪዛ መጠየቅ ሆነ። አልፈርድባቸውም፤ በር የሌለው ቤት የማንም መተላለፊያ እንደሚሆን አይተዋል።

ሳንድፎርድስ? ሳንድፎርድ አልሄደም። የጃንሆይ አማካሪ ሆነ፤ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሠራ፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም አገለገለ። ክሪስቲን ቤቷ ውስጥ ልጆች ሰብስባ የጀመረችው ትምህርት ዛሬ ሳንድፎርድ ትምህርት ቤት ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ወደ ሙሉ እርሻው ተመልሶ እዚያው በ1964 አረፈ። በነሐሴ ዝናብ፣ በሌሊት፣ ያለ አንዳች ማኅተም የገባ እንግዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀመጠ፤ ውጣ ያለው የለም።